የምዕራብ አዋሳኝ

ሥራዬ አለማመን ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ» ብዬ አልፋለሁ እንጂ ነገሩ ሲገለጥ ይሄው ነው፦ አንዱ ሲስተም ለሌላው የሚልከውን መልእክት መሀል ላይ ተቀብሎ «ይህን የላክኸው በእርግጥ አንተ ነህ? መንገድ ላይ የነካካው ሰው የለም?» ብሎ የሚመረምር ኮድ እጽፋለሁ። ፊርማው ከገጠመ ያልፋል፣ ካልገጠመ ይጣላል። «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። ይህን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ። ፊት አይቶ የማያዳላ ነገር በአገራችን ብዙ አላየሁም።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ አክስቴ ከሰቆጣ ደወለች። «መሬቱን እንደገና ሊጽፉት ነው» አለችኝ። «የተማረ ሰው አጠገቤ ይቁም። ና።»

ጦርነቱ በ2013 ክረምት ማለቂያ ላይ ሰቆጣ ሲደርስ እሷም እንደ ጎረቤቶቿ የቻለችውን ይዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ቤቱ አለ፤ የቤቱ ውስጥ ግን የለም። አልጋው ሥር የነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ከነጓዙ ሄዷል፦ የበዓል ቀሚሷ፣ የልጆቿ የትምህርት ካርድ፣ የመሬት ደብተሯ። የቀበሌው መዝገብ ግማሹ ተቃጥሎ፣ ግማሹ ዝናብ መትቶት ተገኘ። ወረዳ መኖር የነበረበት ቅጂም ሲፈለግ ታጣ። (ለሙያ ጓደኞቼ፦ ሦስት ባክአፕ ነበረ፣ ሦስቱም ግን አንድ ጦርነት መንገድ ላይ ነበሩ።) ስለዚህ ኮሚቴው የቀረውን አንድ መንገድ ያዘ። ባለመሬቱ ማሳው ላይ ይቆማል፣ አዋሳኞቹ ይቆማሉ፣ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፣ ይጻፋል።

እኔ ግን ለእሷም ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። በ2008፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ለእረፍት ሄጄ ያን ደብተር በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ለመሬቱ ብዬ አልነበረም። ደብተሩ ላይ የአክስቴና የባሏ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል፤ ባሏ በዚያ ዓመት ነው የሞተው፣ ሌላ ፎቶ ደግሞ አልነበረውም። እግረ መንገዴን የማሳዎቹን ዝርዝር የያዘውንም ገጽ አነሳሁት። ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ሰባት ዓመት ቆየ። አክስቴ ስልኩን እንደዘጋች መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን መፈለግ ነው። አገኘሁት። የተነሳበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት ሳይቀር ፋይሉ ውስጥ አለ። ማስረጃ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ከላሊበላ በኋላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ለማሰብ ይመቻል፣ ለማንበብ አይመችም። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይደርስ ምን ቢሠራ ይሻላል እያልኩ ሳስብ ሄድኩ። ከተማው እስክንገባ ሲስተሙን በጭንቅላቴ ጨርሼው ነበር ማለት ይቻላል።

መሠረቱ ሐሽ የሚባለው ነገር ነው። ወፍጮ በሉት። አንድ መስመር ጽሑፍም ሆነ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ብትሰጡት የሚያወጣው እኩል ርዝመት ያለው ቁጥር ነው፤ በብዛት የሚሠራበት ሻ-256 የተባለው ውጤቱ ሲጻፍ 64 ፊደልና አኃዝ ይሆናል። ያው እህል ሁልጊዜ ያንኑ ዱቄት ይሰጣል። ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትነሱ ግን ዱቄቱ ሌላ ነው፤ በትንሹ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ሌላ። ዱቄቱን ይዞ ወደ እህሉ መመለስ ደግሞ አይቻልም። እንግዲህ የአክስቴን ገጽ ሐሽ አንድ ቦታ ብታስቀምጡ፣ ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰው «ገጹ ይሄ ነው» ብሎ ሲመጣ ክርክር የለም። ፈጭቶ ማየት ነው።

ብሎክቼይን ከዚህ ላይ የሚጨምረው ሰንሰለቱን ነው። እያንዳንዱ ብሎክ የቀደመውን ብሎክ ሐሽ በውስጡ ይይዛል። ከመሀል አንዱን ብትለውጡ የሚቀጥለው አይገጥምም፤ እሱን ብታስተካክሉ ከሱ የሚከተለው አይገጥምም፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። መዝገቡ ደግሞ በብዙ ሰው እጅ ተገልብጦ ተቀምጧል። ቢትኮይንን በመሰለው ዓይነት ታሪክን ለመለወጥ የሚነሳ ሰው ከኔትወርኩ የኮምፒውተር ጉልበት ከግማሽ በላዩን መያዝ አለበት። «51 በመቶ ጥቃት» የሚሉት ይሄን ነው። ትላልቆቹ ላይ በጣም ከባድ ነው፤ ትናንሾቹ ላይ ግን ደርሷል፣ ኢቴሪየም ክላሲክ እ.ኤ.አ. በ2019ም በ2020ም ተመትቷል።

አንድ ሰው የራሱን ለማረጋገጥ የሁሉንም መዝገብ መያዝ የለበትም። ራልፍ መርክል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ባመጣው ዘዴ ሐሾቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ፣ ጥንዶቹን እንደገና እየፈጩ፣ እንደ ዛፍ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበስቧቸዋል። ከአንድ ሚሊዮን ደብተር ውስጥ የአክስቴ አንዱ መሆኑን ለማሳየት 20 ያህል ሐሽ ይበቃል፤ ማንም የጎረቤቱን ማሳ ማየት አያስፈልገውም። ሐሳቡ በጠቅላላው ከቢትኮይን ይቀድማል። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ ለሰነዶች የጊዜ ማኅተም መስጫ ዘዴያቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመው፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የሳምንቱን ሰነዶች ሁሉ የሚወክለውን አንድ ሐሽ በኒው ዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ያወጡ ነበር። ጋዜጣው በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። ታሪኩን ልለውጥ የሚል ሁሉንም ጋዜጣ እየዞረ መሰብሰብ ሊኖርበት ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀኛል፤ የዓለም የመጀመሪያው ብሎክቼይን የተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ፎቶውን እያሰፋሁ ሳይ ሌላ ነገር ገረመኝ። ደብተሩ ራሱ ሰንሰለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የእያንዳንዱ ማሳ ካርታ አልተነሳም። ስፋቱ በገመድ ተለክቶ ይጻፋል፣ ቦታው በአዋሳኙ ይታወቃል፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ገደል፣ በደቡብ መንገድ። የምሥራቁ ሰው ደብተር ላይ ደግሞ በምዕራብ በኩል የአክስቴና የባሏ ስም አለ። ስለዚህ አንዱን ደብተር ለብቻው መነካካት አያዋጣም፤ ጎረቤት ቤት ያለው ሌላ ይናገራል። ይህን የሠሩት ሰዎች ስለ መርክል የሰሙ አይመስለኝም።

መሻሻል የሚገባው ታዲያ ወረቀቱ ነው አልኩ፤ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ወረቀቱ ይቃጠላል። በሚያዝያ 2013 የወጣውን ዜናም አስታወስኩ። ካርዳኖን የሚሠራው ኩባንያ (ያኔ ስሙ አይኦኤችኬ ነበር) ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ማንነትና ውጤት ብሎክቼይን ላይ ለማስቀመጥ መነሳቱን አሳወቀ፤ 3,500 ትምህርት ቤት፣ 750,000 መምህር። እኔና ጓደኞቼ ያን ዜና በቴሌግራም ስንቀባበለው ሰነበትን። አራት ወር ቆይቶ የአክስቴ ልጆች ካርድ ከሳጥኑ ጋር ሄደ። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ። በዚያው ልክ አንድ ነገር አልጠየቅኩም፤ ያ መዝገብ ተማሪው 85 አገኘ ተብሎ መጻፉን ያረጋግጣል፣ ፈተናውን ማን እንደሠራለት ግን ከየት ያውቃል?

ማሳው ላይ የተሰበሰብነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከኮሚቴው ሦስት ሰው፣ ሽማግሌዎች፣ አዋሳኞች፣ ሥራ የፈታ ልጅ ሁሉ። በሰሜን ገደል ነው፤ «ገደል አይዋሽም፣ እለፉት» አለ ጸሐፊው፣ ተሳቀ። የምሥራቁ ጎረቤት በስደቱ ጊዜ ሞቷል፤ 15 ዓመት የሚሆነው ልጁ ቆሞ አባቱ ያሳየውን ወይራ አሳየ። ልጁ ሲናገር ድምፁ አይወጣም ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለው ሰሙት። ደቡቡ መንገድ ነው። የቀሩት የምዕራቡ ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው የወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆመዋል።

ሰብሳቢው መጀመሪያ አክስቴን ጠየቃት። «በዚህ በኩል ድንበርሽ የቱ ጋ ነው?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ላይ ነው። ሽማግሌው «አይደለም፣ ወደ እሷ ነው» ካሉ ፎቶውን አወጣለሁ። ስፋቱ ተጽፏል፤ ከምሥራቁ ወይራ ተነስቶ ገመድ ቢዘረጋ ልክ ድንጋዩ ጋ እንደሚያርፍ ሌሊቱን አስልቼዋለሁ።

«ድንጋዩ ያለበት አይደለም» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ ራሷ ማሳ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ስምንት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «እዚህ ነው። ከጥንትም እዚህ ነበር።»

ዝም ተባለ። ነገሩን ቀስ ብላ ተናገረችው። የመጀመሪያው ምዝገባ ቀን ሽማግሌው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ነበር። ባሏና ገመድ ያዡ ይግባባሉ። ገመዱ ተዘረጋ፣ ትንሽ አለፈ፣ እሷ አየች፣ ማንም ምንም አላለም። ሰውየው ሲመለሱ አቤት ብለው ነበር፤ «ተጽፏል» ተባሉ። ወደ 20 ዓመት ያህል ያ ስምንት እርምጃ ከእኛ ጋር ታረሰ። ባሏ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን አላነሱባትም አለች።

ድንበር መግፋት በእኛ አገር ትንሽ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ይሞትበታል። ስምንት እርምጃም በዋግ ኽምራ ትንሽ መሬት አይደለም። እርከኑ በእጅ የተሠራ ነው፣ አፈሩ ድንጋይ እየተለቀመ የተጠራቀመ ነው። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማስቀረት መንግሥት በ2007 የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው በከንቱ አይደለም።

ሽማግሌው አላመሰገኗትም። እኔን እያዩ፣ ከዚያ ያን የምሥራቁን ልጅ እያዩ፣ «ልጆቹ ቀረብ ይበሉ፣ ይዩት» አሉ ብቻ። ቀርበን አየን። ድንጋዩን ሁለት ጎረምሳ አንስቶ አዲሱ ቦታ ተከለው። ተጻፈ። አክስቴ አሻራዋን አኖረች።

ወደ ቤት ስንመለስ ንድድ ብዬ ነበር። ቤቷ ባዶ ነው፣ ልጆቿ ገና አልቆሙም፣ ስምንት እርምጃ ሰጥታ ትመጣለች። «እኔ እኮ የደብተሩ ፎቶ አለኝ» አልኳት።

ቆመች። «ምን ይላል?»

«ያው፣ የድሮውን።»

«የድሮውንማ አውቀዋለሁ። እዚያው ነበርኩ።»

እዚህ ላይ ባቆመው ደስ የሚል ተረት ይወጣው ነበር፤ መዝገብ ይዋሻል፣ ሰው ግን ጨዋ ነው የሚል። አይደለም። በዚያው ሳምንት ሌላ ቀበሌ የሆነውን ከአክስቴ ቡና ላይ ሰማሁ። ባል የሌላት፣ ወገን የሌላት ሴት ናት፤ ከሌሎቹ ዘግይታ ነው የተመለሰችው። ማሳዋ ላይ ስትቆም ሦስት አዋሳኞቿ በአንድ ቃል «የእሷ ከዚህ ወዲያ ነው» አሉ። ከነበራት ግማሹ ቀረ። ማለች፣ አለቀሰች። ወረቀት የላትም። ቡና የሚጠጡት ሁሉ እውነቷን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሄዶ የመሰከረ ግን የለም። በኔ ቋንቋ ይሄ 51 በመቶ ጥቃት ነው፤ ኮምፒውተር አላስፈለገውም። ለዚያች ሴት አንድ ሰው በ2008 የደብተሯን ፎቶ አንስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም የገጿ 64 ፊደል አዲስ አበባም ይሁን ኦስሎ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ታርስ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን በደንብ ያውቀዋል፣ ቴክኖሎጂ ምን ያደርጋል የሚሉኝን ሰዎች ከዚያ ወዲህ መስማት አልችልም።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ታሪኮች እርስ በርስ ይጣሉብኝ ነበር። የኔ ፎቶና ለዚያች ሴት የሌላት ፎቶ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ሁለቱም የሚሉት «ይህ ጽሑፍ ከተጻፈ ወዲህ አልተነካካም» ነው። ከዚህ በላይ አይሉም፤ ማለትም አይችሉም። ሲጻፍ እውነት ነበር ወይ የሚለው ገመዱን በያዘው ሰው እጅ ያለ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ይሄ ችግር ስም አለው፣ የኦራክል ችግር እንለዋለን፤ ሰንሰለቱ ከውጭው ዓለም የሚገባለትን ወሬ ራሱ ማየት ስለማይችል የሆነ ሰው ወይም የሆነ መሣሪያ መንገር አለበት። ችግሩን ስም ሰጥተን እናልፈዋለን እንጂ ማሳ ላይ ቆሞ ሲያዩት ሌላ ነው። የማይለወጥ መዝገብ የሚያጸናው በተጻፈበት ቀን እዚያ የተገኘውን ሰው ቃል ነው። ያቺ ሴት በተለካበት ቀን እዚያው ነበረች፤ ይጠቅማት ነበር። ሽማግሌው መተማ ነበሩ። ለእሳቸው የማይለወጥ መዝገብ ማለት ያ ቀን የማያልቅ ቀን መሆን ነው።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ምን ችግር አለ? ብሎክቼይን ላይ ቢሆንስ አክስትህ በቁልፏ ፈርማ ስምንቱን እርምጃ ታስተላልፍላቸው ነበር። የድሮው አይጠፋም፣ አዲሱ ይጨመራል።» ልክ ነው። በቴክኒክ ምንም አይወጣለትም። ግን መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? «ከእሷ ወደ እሳቸው ተላለፈ።» ይህ ስጦታ ነው። እሷ ሰጪ፣ እሳቸው ተቀባይ፤ ከዚያ በፊት ያለው 20 ዓመት ደግሞ በሰላም የእሷ ሆኖ ይቀራል። አክስቴ «ሰጠሁ» አላለችም። «ከጥንትም እዚህ ነበር» ነው ያለችው። የለወጠችው የዛሬውን ብቻ አልነበረም፤ ትናንትን ነው የመለሰችው። መመለስና መስጠት በገመድ ሲለኩ እኩል ናቸው፣ ለሽማግሌው ግን እኩል አይደሉም። ባልደረባዬ «የማስታወሻ ሳጥን ይጨመርበታል» አለኝ። ይጨመርበት ይሆናል።

የሚገርመው ራሳቸው የብሎክቼይን ሰዎች እዚህ ማሳ ላይ ቆመው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ኢቴሪየም ላይ የተሠራ ዘ ዳኦ የሚባል የጋራ ገንዘብ ቋት ኮዱ ላይ ቀዳዳ ተገኘበትና አንድ ሰው 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ቀዳ። ሰውየው ፊርማ አላጭበረበረም፣ ሐሽ አልሰበረም። ኮዱ የፈቀደለትን ነው ያደረገው፤ እያንዳንዱ ዝውውር በሚገባ ይረጋገጣል። «ኮድ ሕግ ነው» ሲሉ የኖሩ ሰዎች ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ተከራከሩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ ሐምሌ 20 ላይ ብዙዎቹ ሶፍትዌሩን ቀይረው ገንዘቡ ወደ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ። ሽምግልና ተቀመጡ ማለት ነው። «የተጻፈ ተጽፏል» ያሉት ደግሞ በአሮጌው ሰንሰለት ቀጠሉ፤ ኢቴሪየም ክላሲክ የሚባለው የእነሱ ነው። ድሮ በክላሲኮቹ እስቅ ነበር። አሁን ያቺ መሬቷን የተቀማች ሴት በዓይኔ ስትመጣ አልስቅም። ዛሬ ለእውነት ሲባል የተከፈተ በር ነገ ለሦስት ጎረቤት ይከፈታል ብለው ነው የፈሩት፣ ፍርሃታቸውም አልተሳሳተም።

የድሮዎቹ ሰዎች ነገሩን በሌላ ጫፍ ነበር የያዙት። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከሚቆጥሩባቸው ከዛጉዌዎች አንዱ የሆነው ንጉሥ ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1225 የሰጠው መሬት፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ተጽፎ ደርሶናል። ስምንት መቶ ዓመት የዘለቀ መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኔ ሰርቨር አሥር ዓመት ቢቆይ ደስ ይለኛል። እንዲህ ባሉ ስጦታዎች ላይ ስም ይደረደራል፣ ማን ቆሞ እንደሰማ ይጻፋል፣ መጨረሻ ላይ ግዝት ይመጣል፦ የሻረ፣ የነጠቀ፣ የተወገዘ ይሁን። ሐሽ ጽሑፉን ይጠብቃል፤ ግዝት ሰውየውን ነው የሚይዘው። ማጭበርበር አልቀረም፤ በአብርሃና አጽብሐ ስም የተጻፉ ስጦታዎች ከዘመናቸው በጣም ዘግይተው የተዘጋጁ መሆናቸውን የታሪክ ሰዎች ያውቃሉ። ቢሆንም የሚያጭበረብረው ሰው ነፍሱን አስይዞ ነው። የኔ ኮድ ማንንም ምንም አያስይዝም። «ገጥሟል» ካለ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ እኔን ጨምሮ።

የሙያው ሰዎችም ቀስ በቀስ ወደ ሰው እየተመለሱ ነው። ቁልፉን የጣለ ሰው ሀብቱን እስከ ወዲያኛው ያጣ ነበር፤ የአክስቴ ሳጥን ማለት ነው። አሁን ማኅበራዊ ማስመለሻ የሚሉት መጥቷል። ከምታምኗቸው አምስት ሰዎች ሦስቱ «እሷ ናት» ካሉ ቁልፉ ይመለሳል። አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 አንድን ምሥጢር ለብዙ ሰው ከፋፍሎ፣ የተወሰኑት ሲገናኙ ብቻ እንዲገለጥ ማድረግን አሳይቷል፤ ዘመድ የሆነ ሐሳብ ነው። ከብዙ ሒሳብ በኋላ የደረስንበት ቦታ አዋሳኝ ነው። አምስቱን ስትመርጡ ታዲያ ማንን ትመርጣላችሁ? ሒሳቡ እዚህ ጋ ዝም ይላል።

ከሰቆጣ ከመውጣቴ በፊት ፎቶ ቤት ሄጄ የባሏን ምስል ከገጹ ቆርጬ አሳተምኩላት። ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። የማሳዎቹን ዝርዝር የያዘውን ሌላውን ገጽ አላሳየኋትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። አጥፋውም አላለችኝም።

ባለፈው ወር የምዕራቡ ሽማግሌ አረፉ። ከአርባቸው በኋላ የአክስቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀ፣ ከዚያ «አንተ ጋ የድሮው ደብተር ፎቶ አለ አሉ፣ እስቲ ላክልኝ» አለ። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ አንዲት ነጥብ አልተነካችም። ለማንም ባለሙያ ቢሰጥ ያልፋል። ብሰርዘው ደግሞ የዚያ ቀን ገመድ ማለፉን የሚያሳየው ብቸኛ ወረቀት ጠፋ ማለት ነው፤ ሽማግሌው ትክክል ለመሆናቸውም የቀረው ማስረጃ እሱ ነው፣ አክስቴ አጠገቡ ቆማ ካነበበችው።

እስካሁን አልመለስኩለትም። መልእክቱን ማንበቤን ግን ሁለቱ ምልክቶች ነግረውታል።